የጽኑ ሕሙማንን እጅ ስለ ማሸት፤ በማስረጃው ላይ የቀረበ ትችት

እጅን በማሸት የበሽተኛን ሕመም ማቅለል ይቻላል የሚለው ሐሳብ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ የተወለቀውን ክንድ ሲያሽ፣ እናትም የታመመ ልጇን እጅ ይዛ ስትዳብስ እያየን ስላደግን፣ ነገሩ ምስክር የሚያሻው አይመስለንም። ይሁን እንጂ ይኸው የቆየ ልማድ ዛሬ በምርምር ስም ከሆስፒታል ክፍሎች ሁሉ መሣሪያ ወደሚበዛበት ክፍል፣ ማለት ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቷል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአሜሪካ የሚገኘው የጽኑ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር በ2018 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ለአዋቂ ጽኑ ሕሙማን ሕመማቸው እንዲቀልላቸው ማሸትን ማቅረብ መልካም ነው ሲል ሐሳብ ሰጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን ምክሩ እንደየሁኔታው የሚታይ መሆኑን፣ የቆመበትም ማስረጃ ደካማ መሆኑን መመሪያው ራሱ ሳይሸሽግ ተናግሯል።

አንድ ምክር ማስረጃው ደካማ መሆኑ እየታወቀ የሚሰጠው ስለምንድን ነው? መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ማሸት ዋጋው ትንሽ፣ ጉዳቱም ጥቂት ስለ ሆነ ነው። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምፈልገው፣ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አለመሆኑን ነው። የምርምሩ ጉድለት ማሸት ይረዳል በማለቱ አይደለም፤ የሚረዳው ምን እንደ ሆነ ለይቶ ባለመናገሩ ነው። የሚረዳው የጣቶቹ ጥበብ ነው ወይስ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ከበሽተኛው አጠገብ የተቀመጠው ሰው? ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። እንደ መልሱ ሁኔታ፣ ሥራው የማን እንደ ሆነና በምን ምትክ መቅረብ እንደሌለበት ይወሰናልና።

አስቀድሞ ስለ ክፍሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሀገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በብሌግዳም ሆስፒታል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመተንፈሻ ጡንቻቸው ከሰለለባቸው 31 በሽተኞች መካከል 27ቱ ሞቱ። በዚያን ጊዜ ብዮርን ኢብሰን የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪም በሽተኛው በጉሮሮው ላይ ቀዳዳ እንዲበጅለትና በዚያ በኩል በጎማ ከረጢት አየር እንዲገፋለት መከሩ። በቂ መሣሪያ ስላልነበረ ወደ 1,500 የሚጠጉ ተማሪዎች ተራ ገብተው፣ ሌሊትና ቀን ከበሽተኞቹ አጠገብ ተቀምጠው ከረጢቱን በእጃቸው ይጨምቁ ነበር። የሟቾቹም ቁጥር በጣም ቀነሰ። ኢብሰን በሚቀጥለው ዓመት በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ በዚያችው ከተማ ያቋቋሙት ክፍል በዓለም የመጀመሪያው የጽኑ ሕሙማን ክፍል እየተባለ ይጠቀሳል። እንግዲህ ይህ ዐይነት ሕክምና የተጀመረው በመሣሪያ ሳይሆን በሰው እጅ ነው፤ ያውም እንደ እኛ ባሉ ተማሪዎች እጅ። በኋላ መሣሪያው የእጅን ቦታ ወሰደ፤ ብዙ ነፍስም አዳነ። ነገር ግን ከእጁ ጋር አብሮ የነበረው ሰው ከአልጋው አጠገብ ራቀ።

በዚህ ክፍል የሚተኛ ሰው የሚሠቃየው በደዌው ብቻ አይደለም፤ ሕክምናው ራሱ ያሳምማል። በ2001 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ፣ 6,201 በሽተኞችን የመረመረ ጥናት ለአዋቂዎች ከተመረመሩት የሕክምና ተግባሮች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳምመው በአልጋ ላይ መገላበጥ መሆኑን አገኘ። መርፌና ቱቦ ሳይሆን፣ ነርሶች ቁስል እንዳይወጣበት ብለው በየጥቂት ሰዓቱ የሚያደርጉለት መገላበጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በ28 አገሮች የሚገኙ 3,851 በሽተኞችን የያዘ ሌላ ጥናት፣ ከሁሉ የበረታው ሕመም የደረት ቱቦ ሲነቀል፣ የቁስል ማፍሰሻ ሲወጣና በደም ወሳጅ ሥር ውስጥ ቱቦ ሲገባ የሚሰማው መሆኑን ገለጸ። በዚህ ላይ ጥሙ፣ የእንቅልፍ ማጣቱ፣ የመሣሪያው ጩኸት፣ አፍ በቱቦ ተይዞ መናገር አለመቻሉ ሲጨመርበት፣ የበሽተኛው ጭንቀት ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ከመድኃኒት ሌላ የሚያቃልል መንገድ መፈለጉ ተገቢ ነው፤ የማሸት ተመራማሪዎችንም ዓላማ የሚነቅፍ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ማስረጃው እንለፍ። ከጥናቶቹ መካከል በጥንቃቄው የሚመሰገነው በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ማለት ማዳሊና ቦይቶርና ባልደረቦቻቸው በ2018 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው። የልብ ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው በሽተኞች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ እጃቸውን ለሃያ ደቂቃ ያህል፣ ሁለት ጊዜ ታሹ፤ ሁለተኛዎቹ ሳይታሹ እጃቸው ብቻ ተያዘላቸው፤ ሦስተኛዎቹ ዕረፍት አደረጉ። መደምደሚያውም እጅን ለሃያ ደቂቃ ማሸት ከተለመደው የሕመም ማስታገሻ ጋር ተጨምሮ ሲሰጥ፣ ከዜሮ እስከ ዐሥር በሚቆጠረው መለኪያ ሕመምንና ጭንቀትን በአማካይ በሁለት ነጥብ ያህል ሊቀንስ ይችላል የሚል ነው። ሁለት ነጥብ ጥቂት ቢመስልም፣ ስለ ሕመም የሚመራመሩ ብዙ ሊቃውንት በሽተኛው ራሱ ተሻለኝ የሚልበት ልክ አድርገው ይቀበሉታል።

በዚህ ጥናት ይበልጥ የማደንቀው ሁለተኛውን ቡድን ነው። ሌላው አጥኚ ብዙውን ጊዜ የሚያነጻጽረው የታሸውን ካልታሸው፣ ማለት ሰው አጠገቡ የተቀመጠለትን ብቻውን ከተተወው ጋር ነው። በዚህ አኳኋን የተገኘ ልዩነት የማሸቱ ይሁን የሰውየው መኖር ማንም ሊለየው አይችልም። ይህ አንድ መድኃኒት ከማር ጋር ተበጥብጦ ለአንዱ ተሰጥቶ፣ ለሌላው ምንም ሳይሰጥ፣ የተሻለውን መድኃኒቱ አዳነው እንደ ማለት ነው። የካናዳዎቹ ተመራማሪዎች እጅ የሚያዝለት ቡድን በመጨመራቸው ማሩን ከመድኃኒቱ ለመለየት ሞክረዋል። ከእነርሱ በኋላ ይህን ጉዳይ የሚያጠና ሁሉ ከዚህ ባነሰ ሥርዐት ሊሠራ አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ማስረጃውን በጠቅላላው ስንመለከት የሚታዩኝን አራት ጉድለቶች አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ጉድለት የመለኪያው ነገር ነው። መናገር የማይችል በሽተኛ ሕመሙን በቁጥር ሊገልጽ ስለማይችል፣ አስታማሚው ነርስ ከገጽታውና ከእንቅስቃሴው እንዲገምት መለኪያዎች ተዘጋጅተዋል። በ2001 ዓ.ም. ከፈረንሳይ የወጣው መለኪያ ሦስት ነገሮችን ያያል፤ የፊትን ገጽታ፣ የክንድና የእጅን እንቅስቃሴ፣ ከመተንፈሻ መሣሪያው ጋር መስማማትን። ለያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ይሰጥና ድምሩ ከ3 እስከ 12 ይሆናል። በ2006 ዓ.ም. ከካናዳ የወጣው ደግሞ አራት ነገሮችን ይመለከታል፤ የፊትን ገጽታ፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ፣ የጡንቻን መወጠር፣ እንዲሁም ከመተንፈሻ መሣሪያው ጋር መስማማትን ወይም ድምፅን። ለያንዳንዱም ከ0 እስከ 2 ይሰጥና ከፍተኛው ድምር 8 ነው። ሁለቱም መለኪያዎች በሚገባ የተፈተኑና ለዕለት ሥራ የሚጠቅሙ ናቸው። ነገር ግን እጅን የማሸት ውጤት በእነርሱ ሲለካ አንድ ችግር ይመጣል። በፊተኛው መለኪያ ከሦስቱ ነገሮች አንዱ የክንድና የእጅ ሁኔታ ነው፤ በኋለኛው ደግሞ የጡንቻ መወጠር የሚታወቀው የበሽተኛውን ክንድ አጥፎ በመዘርጋት ነው። ሃያ ደቂቃ ሲታሽ የቆየ ክንድ ቢላላ ምን ያስደንቃል? ክንዱ ስለ ላላ የደረቱ ቁስል ሕመም ቀነሰ ለማለት ግን ሌላ ማስረጃ ያሻል። የካናዳው ጥናት በሽተኞቹን ራሳቸውን በመጠየቁ ከዚህ ነቀፋ ብዙውን ያመልጣል፤ በመለኪያ ብቻ የተማመኑት ግን አያመልጡም።

ሁለተኛው ጉድለት የተመረጡት በሽተኞች ዐይነት ነው። መመሪያው የተደገፈባቸው ጥናቶች በአብዛኛው የተደረጉት የልብ ወይም የሆድ ኦፕራሲዮን በተደረገላቸው ሰዎች ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ቀኑ ተቆርጦላቸው የሚታከሙ፣ ብዙዎቹም በጥቂት ቀን ውስጥ ነቅተው የሚነጋገሩና ከክፍሉ የሚወጡ ናቸው። በደም መመረዝ ራሱን የሳተው፣ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳው፣ ለሳምንታት በመተንፈሻ መሣሪያ የሚኖረው በሽተኛ ግን በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ማሸቱም በየጥናቱ የተለያየ ነው። መመሪያው ራሱ እንደሚዘረዝረው፣ ጊዜው ከ10 እስከ 30 ደቂቃ፣ ብዛቱ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሰባት ቀን ይደርሳል። የሚታሸውም በአንዱ ጀርባ፣ በሌላው እግርና እጅ፣ በሌላው እጅ ብቻ ነው። አንድ መድኃኒት ልኩና አወሳሰዱ እንዲህ ቢለያይ በአንድ ስም ጠርቶ ጠቅላላ ፍርድ ለመስጠት የሚደፍር ሐኪም ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ጉድለት የሚሰጠው ምክንያት ነው። ማሸት ሕመምን እንዴት እንደሚያቀል ሲጠየቁ፣ ብዙ ጸሐፊዎች ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 ዓ.ም. ያቀረቡትን የበር ትምህርት ይጠቅሳሉ። በዚህ ትምህርት መሠረት የመዳሰስ ስሜት በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ካለ በር ላይ ደርሶ የሕመምን መልእክት መግባት ይከለክላል፤ ጉልበታችን ሲመታ ወዲያው የምናሸውም ስለዚህ ነው ይባላል። ትምህርቱ ለጉልበቱ ደኅና ነው፤ የሚታሸውና የሚያመው ቦታ አንድ ነውና። የልብ በሽተኛ ግን የሚያመው የተሰነጠቀው የደረት አጥንቱ ነው፤ የሚታሸው እጁ ነው። ከእጅ የሚመጡት ነርቮች ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚገቡት በአብዛኛው በአንገት በኩል ሲሆን፣ ከደረት የሚመጡት ብዙዎቹ ከዚያ ዝቅ ብለው ነው። እንግዲህ አንዱን በር ዘግቶ በሌላው በር የሚገባውን እንግዳ እንዴት ይከለክሉታል?

ሌሎች ደግሞ የስዊድን ሊቃውንት ያጠኑዋቸውን፣ ቀስ ያለ ዳበሳን የሚቀበሉ ቀጫጭን ነርቮች በምክንያትነት ያመጣሉ። እነዚህ ነርቮች በ2009 ዓ.ም. በታተመ ጥናት እንደ ተገለጸው ከሁሉ ይበልጥ የሚነቁት በሴኮንድ ከ1 እስከ 10 ሳንቲሜትር በሚሄድ ለስላሳ ዳበሳ ነው፤ ደስ የሚል ስሜት የሚሰማውም በዚሁ ፍጥነት ነው። ሐሳቡ ያማረ ነው። ነገር ግን ነርቮቹ የሚበዙት ጠጕር በሚያበቅል ቆዳ ላይ ሲሆን፣ በመዳፍ ላይ ያሉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከዚህም በላይ የሚነቁት በዳበሳ እንጂ መዳፍን ጫን አድርጎ በማሸት አይደለም። ስለዚህ ይህ ምክንያት የእጅን ጀርባና ክንድን ለሚዳብስ ሰው ይረዳው ይሆናል፤ መዳፍን ለሚያሽ ግን ብዙ አያገለግለውም።

ሦስተኛ ምክንያት ይቀራል፤ እርሱም ከነርቭ ይልቅ ወደ ልብ የሚቀርበው ነው። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ያገቡ 16 ሴቶች በኤሌክትሪክ ንዝረት ሊነኩ እንደሚችሉ እየተነገራቸው አንጎላቸው በመሣሪያ ታይቶ ነበር። የሰው እጅ ሲይዙ አንጎላቸው ለሥጋቱ የሚሰጠው ምላሽ ቀነሰ፤ ይልቁንም የባላቸውን እጅ ሲይዙ ከማያውቁት ሰው እጅ ይበልጥ ቀነሰ። በትዳራቸው ይበልጥ የተደሰቱት ደግሞ ይበልጥ ረጉ። እነዚህ ጤነኞች እንጂ ጽኑ ሕሙማን አይደሉም፤ የተመረመረውም ሥጋት እንጂ ቁስል አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከልኩ አሳልፈን ልንተረጕመው አይገባም። ሆኖም የማሸት ተመራማሪዎች ሳይጠይቁ ያለፉትን ጥያቄ ያስነሣል፤ እጁ የማን ነው? የጥናቶቹ ጸሐፊዎች እጁ እንዴት እንደሚታሽ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚታሽ፣ በምን ቅባት እንደሚታሽ በዝርዝር ይጽፋሉ፤ የሚያሸው ሰው ለበሽተኛው ምኑ እንደ ሆነ ግን እንደ ቁም ነገር አይቈጥሩትም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጉድለት በጥናቶቹ ውስጥ ሳይሆን በአንባቢዎቹ ዘንድ የሚፈጠር ነው። የካናዳው መደምደሚያ፣ ከተለመደው የሕመም ማስታገሻ ጋር ተጨምሮ ሲሰጥ፣ ይላል። ይህች አጭር ሐረግ ቀላል መስላ ትታለፋለች፤ የነገሩ ሁሉ መሠረት ግን እርሷ ናት። እነዚያ በሽተኞች ማስታገሻቸውን እያገኙ የታሹ ናቸው። ማሸቱ ከዚያ የተረፈውን ሕመም ቀነሰላቸው እንጂ በመድኃኒት ፋንታ አልተሰጣቸውም። በ2017 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የዓለም አቀፍ ኮሚሽን ዘገባ እንዳስረዳው፣ በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው፣ በሞርፊን ልክ ሲሰላ 298.5 ቶን ከሚሆነው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ ጥቂት በሆነበት አገር፣ መድኃኒት የማይሻ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በአሜሪካ መመሪያ የተደገፈ ዘዴ አለ የሚል ወሬ ሲሰማ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያሻል። በጀት የሚያወጣው ሹም ሞርፊኑን ከመግዛት ይልቅ ማሸትን የሚያስተምር አንድ ስብሰባ ማድረግ ይቀለዋል። በዚያን ጊዜ በደካማ ማስረጃ የቆመው መልካም ሐሳብ የክፉ ነገር መሸፈኛ ይሆናል። ደረቱ ተሰንጥቆ ማስታገሻ ያጣ ሰው እጁ ቢታሽለት ሕመሙ ይቀንሳል የሚል ምንም ጥናት አልቀረበም፤ እንዲህ ያለውንም ሙከራ በሰው ላይ ማድረግ ጭካኔ ነው።

ዋጋው ትንሽ ነው መባሉም ቢሆን ሊመረመር ይገባዋል። አንዲት ነርስ ሦስት ጽኑ ሕሙማን ቢኖሯትና እያንዳንዳቸውን በቀን ሁለት ጊዜ ለሃያ ሃያ ደቂቃ ብታሽ፣ 120 ደቂቃ ማለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስፈልጋታል። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት መድኃኒት ይሰጣል፤ ቱቦ ይጸዳል፤ በሽተኛ ይገላበጣል፤ አፍ ይታጠባል። ማሸቱ ነጻ የሚመስለው የነርሷ ጊዜ እንደ ነጻ ስለ ተቈጠረ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ለአንድ ወይም ለሁለት ጽኑ ሕሙማን አንድ ነርስ ይመደባል፤ ያም ሆኖ በጥናቶቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያሹት ለዚሁ ተብለው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። የሰው ኃይል ባነሰበት ቦታ ግን ይህን ለነርሷ መጨመር ከሌላ በሽተኛ ላይ መውሰድ ነው።

ጉዳት የለውም የሚለውም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የጽኑ በሽተኛ እጅ እንደ ጤነኛ ሰው እጅ ባዶ አይደለም። በእጅ አንጓው ላይ ባለው ደም ወሳጅ ሥር የደም ግፊት መለኪያ ቱቦ ገብቶ ይሆናል፤ በእጁ ጀርባ የመድኃኒት መስጫ መርፌ አለ፤ በጣቱ ላይ የኦክሲጅን መለኪያ ተሰክቷል። ቅባት ፕላስተርን ያላቅቃል፤ ፕላስተሩ ሲላቀቅ መርፌው ይወልቃል። ያበጠ እጅ፣ የተቃጠለ ወይም የተላጠ ቆዳ፣ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ወይም በክንዱ ሥር ውስጥ ደም የረጋበት በሽተኛ ሐኪሙ ሳይጠየቅ ሊታሽ አይገባውም። ከዚህም ሁሉ በላይ እጅ ተላላፊ በሽታ ይዞ ከአልጋ ወደ አልጋ ይሄዳል። ይህን ኢግናዝ ዘመልቫይስ በቪየና በ1847 ዓ.ም. ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ በማድረግ አሳይተዋል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ በሽተኛን ከመንካት በፊትና ከነኩ በኋላ እጅን ማጽዳት ግዴታ መሆኑን ደንግጓል። ያልታጠበ እጅ በፍቅር ቢዘረጋም ያልታጠበ እጅ ነው። እንዲሁም ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። መናገር ያልቻለ በሽተኛ በዐይኑ ወይም በራሱ ንቅናቄ ሊመልስ ይችላል። ሴት በባዕድ ወንድ፣ ወንድም በማያውቃት ሴት እጅ መዳበስ ለአንዳንዱ መጽናኛ ሳይሆን ኀፍረት ነው።

ከላይ ያነሣሁትን ሁሉ ሰብስቤ ወደ አገራችን ሁኔታ ላምጣው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በመደበኛው ክፍል የሚተኛ በሽተኛ ብቻውን አይደለም፤ እናት፣ ወንድም፣ ጎረቤት ወይም የአገር ልጅ አስታማሚ ሆኖ አብሮት አለ። ምግብ የሚያበላው፣ ፊቱን የሚያጥበው፣ ሌሊት ከአልጋው ግርጌ የሚያድረው እርሱ ነው። በሽተኛው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ግን አስታማሚው በር ላይ ይቀራል። ለዚህ በቂ ምክንያት አለው፤ ተላላፊ በሽታ አለ፤ ቦታው ጠባብ ነው፤ ሥራውም ፋታ አይሰጥም። ነገር ግን ውስጥ ያለችው ነርስ ለሃያ ደቂቃ መቀመጥ አትችልም፤ ውጭ ያለው አስታማሚ ቀኑን ሙሉ በመተላለፊያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው የለውም። ለአንዲቷ የሌላት ጊዜ ለሌላው ተትረፍርፎለታል፤ በመካከላቸው ያለው በር ብቻ ነው።

አንባቢ ይህን ሲሰማ፣ እንግዲያው ወጌሻ ይግባልን ማለትህ ነውን ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አይደለም። ወጌሻ የሚያሸው ወለምታን ሊያቀና፣ ጡንቻን ሊያፍታታ ነው፤ ኃይልና ልምድ ያለው ሥራ ነው፤ በጽኑ በሽተኛ እጅ ላይ ግን አደጋ ያመጣል። ካህን በምሥጢረ ቀንዲል በሽተኛውን ቅዱስ ቅባት ሲቀባም ትርጕሙ ሌላ ነው፤ በሕመም መለኪያም የሚመዘን አይደለም። እኔ የምለው ከሁለቱም ያነሰ ነገር ነው፤ አንድ የታወቀ ሰው፣ እጁን ታጥቦ፣ ነርሷ የትኛውን እጅና የትኛውን ቦታ መንካት እንደሚቻል አሳይታው፣ ለተወሰነ ጊዜ ገብቶ የበሽተኛውን እጅ ይያዝ፤ ቢቻልም ቀስ ብሎ ይዳብስ።

ይህ ሐሳብ ከማስረጃው አልፎ ሄዷል የሚል ቢኖር፣ ተቃውሞውን እቀበላለሁ፤ ለዚህም ነው እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ምርምር ጥያቄ የማቀርበው። ጥናቱ እንዲህ ሊሠራ ይችላል። ሁሉም በሽተኞች አስቀድሞ የሚገባቸውን ማስታገሻ ያገኙ ይሁኑ፤ ይህ የማይጣስ ደንብ ነው። ከዚያ በኋላ በዕጣ በአራት ይከፈሉ። የመጀመሪያዎቹን የሠለጠነ ሰው እጃቸውን ይሽ፤ የሁለተኛዎቹን ያው ሰው ሳያሽ ይያዝ፤ የሦስተኛዎቹን አስታማሚያቸው ይያዝ፤ አራተኛዎቹ እንደ ተለመደው ይታከሙ። መናገር የሚችሉት ራሳቸው ይጠየቁ። የማይችሉትን የሚመዝነው ሰው ማን የትኛው ቡድን ውስጥ እንደ ሆነ የማያውቅ ይሁን፤ የክንዱን መላላትም ከሌላው ምልክት ለይቶ ይጻፍ። የተላላፊ በሽታውም መጠን አብሮ ይቈጠር፤ ጥቅሙን ቈጥሮ ጉዳቱን ያልቈጠረ ጥናት ግማሽ ጥናት ነውና። ይህ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ወረቀት፣ ሰዓት፣ ሳሙናና ትዕግሥት ይበቃዋል። ውጤቱም የሦስተኛው ቡድን ከመጀመሪያው የማያንስ ሆኖ ቢገኝ፣ ማሸት የተባለው ነገር በአብዛኛው የሰው አለመለየት መሆኑን እንረዳለን። ቢያንስ ደግሞ በእርግጥ የጣቶች ጥበብ እንዳለበት አውቀን፣ ለነርሶቻችን ጊዜ እንዲመደብላቸው በማስረጃ እንጠይቃለን። በሁለቱም መንገድ አሁን ካለንበት እንሻላለን።

በአጭሩ፣ የጽኑ ሕሙማንን እጅ ማሸት የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ሊነቀፍ የሚገባው በችኮላ ማመንና በችኮላ መናቅ ነው። የሚያምኑት ሰዎች የለኩት ነገር የማሸት ይሁን የአብሮነት ሳይለዩ ስም ሰጥተውታል። የሚንቁት ደግሞ በ1952 ዓ.ም. በኮፐንሀገን በሰው እጅ የተጀመረ ሕክምና ዛሬ እጅ አያሻውም ብለው ያስባሉ። ለበሽተኛው ግን ሁለት ነገር ይገባዋል፤ ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒትና ከአጠገቡ የማይለየው ሰው። አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ከፈልኩ ማለት አይቻልም።